«ሌላ ትገዛለህ» አትበሉት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሰደድ እሳት ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ አነበብኩት። ደክማችሁበታል፣ ያስታውቃል። አንድ ቦታ ላይ ግን አልተዋጠልኝም። የሙዚቃ መሣሪያዎችን ከሶፋ፣ ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ጋር በአንድ መስመር ደርድራችሁ የወደመ ንብረት ብላችሁ አልፋችኋቸዋል። ሙዚቀኛ ነኝ፣ በትርፍ ጊዜዬም የሰው መሣሪያ እጠግናለሁ። ስለዚህ ለመሣሪያ ታዳላለህ ብትሉኝ አልክድም።

በቅድሚያ ግን ሰው ይበልጣል። እሱ ላይ ክርክር የለኝም። የሎስ አንጀለሱ እሳት የተነሣው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የገና ዕለት። ፓሊሴድስና ኢተን በተባሉት ሁለት ቃጠሎዎች ብቻ 30 ገደማ ሰው ሞተ፣ ከ16 ሺህ በላይ ቤትና ሕንፃ ወደመ። የሚወደውን ሰው የቀበረ ባለበት ስለ ጊታር ማውራት ነውር የሚመስለው ካለ ይገባኛል። ግን ከእሳቱ የተረፈውም ሰው ነገ ጠዋት ተነሥቶ መኖር አለበት። እንጀራውን ያገኝበት የነበረው መሣሪያ ደግሞ የለም።

ሁላችንም የምንለው አንድ ነው። «ዋናው ጤና፣ ዕቃ ይተካል፣ ሌላ ትገዛለህ»። የመጀመሪያው ልክ ነው፣ ባለቤቱም ያውቀዋል። ቤቱ የነደደበት ሰው ይህን ቃል ሰው ባገኘው ቁጥር ይሰማዋል፣ በሰማው ቁጥርም «አዎ፣ ተመስገን» ይላል። ሌላ ምን ይበል? ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ ቁጭ ብሎ ጣቶቹ አውታር በሌለበት ጭኑ ላይ ይደረድራሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ያየሁት ጓደኛዬን ነው፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ አልታዲና በሚባል ሠፈር ቤቱ ከነሙሉ ዕቃው የነደደበት። ስሙን አልጠቅስም፣ እሱም አይወድም። ክራር ነበረው፣ ጊታሮች ነበሩት፣ አንድ አሮጌ ፒያኖና የአባቱ ሳክስፎን ነበሩ። ወደ ሠፈሩ መግባት ሲፈቀድ አብሬው ሄድኩ። ጭምብልና ጓንት አድርገን ነው የገባነው፣ ምክንያቱም የተቃጠለ ቤት አመድ የእንጨት አመድ ብቻ አይደለም፣ እርሳስም አስቤስቶስም ሊኖርበት ይችላል። በወንፊት እያበጠርን ፈለግን።

ከፒያኖው የተረፈው የብረት ፍሬሙ ነው። ትልቅ፣ ከባድ፣ አመዱ ላይ በጀርባው የተኛ ብረት። ፒያኖ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ሁሉም ተደምረው ከ18 እስከ 20 ቶን በሚደርስ ኃይል ስለሚስቡ ፍሬሙ የሚሠራው ከቀለጠ ብረት ተቀድቶ ነው፣ ለመቅለጥም ከ1,100 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ቤቱ ሲነድ እሱ ይቀራል። እንጨቱ፣ መዶሻዎቹ፣ ቁልፎቹ ሁሉ የሉም፣ ሽቦዎቹ ግን ተንጨባርረው እላዩ ላይ ነበሩ። ሳክስፎኑ ደግሞ አልቀለጠም ማለት ይቻላል፣ ግን ሳክስፎንም አይደለም። ናስ ከ900 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም፣ ክፍሎቹን የያዘው ብየዳ ግን ብዙ ጊዜ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለቃል። ቁልፎቹ ተራግፈው፣ አፉ ተጣጥፎ፣ ቀለሙ ጠቁሮ አገኘነው። ከጊታሮቹ አንገት ውስጥ የሚገባው ዘንግና ጥቂት ፍሬቶች (አንገቱ ላይ በአግድም የሚተከሉት ሽቦዎች) ተገኙ።

ከክራሩ ምንም አልተገኘም። ገበቴው እንጨት፣ ላዩ ቆዳ፣ ቀንበሩ እንጨት። ምን ይቀራል? እሱ ግን ያንኑ ቦታ ነበር ደጋግሞ የሚያበጥረው፣ ሳሎኑ የነበረበትን ጥግ፣ ክራሩ የተሰቀለበት ግድግዳ ሥር። ተው አላልኩትም።

ይኼን ስናገር ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ያን ያህል ከወደደው ለምን ይዞት አልወጣም?» እውነቱን ለመናገር ይህ ጥያቄ ያናድደኛል። ሰደድ እሳት ከሩቅ እየታየ፣ እየተጠበቀ የሚመጣ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ብዙ ቤት የሚነደው ግን ከፊት በሚመጣው ነበልባል ሳይሆን በፍም ነው። ንፋሱ ፍሙን ይዞ ከእሳቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቀድሞ ይሄዳል፣ ጣሪያ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ይገባል፣ ቆጥ ላይ ያለውን ደረቅ ነገር ይይዛል። በዚያ ምሽት ደግሞ ንፋሱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፣ ለወራትም የረባ ዝናብ አልጣለም። መብራት ጠፍቷል፣ ጭሱ አይን አያስገልጥም፣ ልጆች ያለቅሳሉ። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ አያት። መኪናው ይሞላል። አንዳንዱ በጣም ቢሳካለት ከአሥር አንዱን ይዞ ይወጣል፣ እሱንም በሩ አጠገብ የነበረውን እንጂ የሚወደውን አይደለም።

ተመልሶ የገባም አለ። ታዋቂው አሜሪካዊ የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ቢ.ቢ. ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1949 አርካንሳስ ውስጥ ትዊስት በምትባል ቦታ ጭፈራ ቤት ውስጥ ሲጫወት ሁለት ሰዎች ተጣሉ፣ ለማሞቂያ ላምባ የሚነድበትን በርሜል ገለበጡት፣ ቤቱ በእሳት ተያያዘ። ሁሉም ወጣ፣ እሱም ወጣ። ከዚያ ጊታሩ ትዝ አለውና ተመልሶ ገብቶ አወጣት። በዚያ እሳት ሰዎች ሞተዋል፣ እሱም ለጥቂት ነው የተረፈው። በነጋታው ጠበኞቹ የተጣሉት ሉሲል በምትባል ሴት መሆኑን ሲሰማ ጊታሩን ሉሲል አላት፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቂልነት እንዳይሠራ ማስታወሻ እንዲሆነው። ከዚያ በኋላ የያዛቸው ጊታሮች ሁሉ ሉሲል ናቸው። ታሪኩን ሰው እንደ ጀብዱ ያወራዋል። ባለቤቱ ራሱ ቂልነት ብሎታል፣ እኔም ከባለቤቱ ጋር ነኝ። አትግቡ። ግን አንድ ሰው ለእንጨትና ለሽቦ ብሎ የሚነድ ቤት ውስጥ ለምን እንደሚገባ ካልገባችሁ፣ ስለ መሣሪያ የምትጽፉት ሁሉ ከፍሪጅ ጋር መደርደሩ አይቀርም።

መሣሪያ የሚለመድ ነገር ነው። የቱ አውታር እንደሚያንሾካሽክ፣ የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚያጉረመርም፣ ሲቀዘቅዝ ስንት እንደሚወርድ፣ ሲሞቅ የቱ ቀድሞ ከቅኝት እንደሚወጣ ባለቤቱ ሳያስብ ያውቀዋል። እጁ ያውቀዋል። እንጨት ሲያረጅ ድምፁ ይሻላል አይሻልም የሚለውን ባለሙያዎች እስከዛሬ ይከራከሩበታል፣ እኔም አልፈርድም፤ የተጫዋቹ እጅ በአንድ መሣሪያ ላይ መለወጡ ግን አያከራክርም። ደህና ቫዮሊኒስት አዲስ ቫዮሊን ሲሰጡት በመጀመሪያው ቀን ድምፁን ሲፈልግ ታዩታላችሁ። ትናንት ከነበረበት ቦታ ትንሽ ዘወር ብሏል።

ገንዘብ ቢኖርም እንኳን ሁሉም አይገዛም። የድሮ ጊታሮች ጀርባ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከብራዚል ሮዝዉድ ነበር። ይህ ዛፍ ስለተመናመነ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ታግዷል፣ ያለዎትን መሣሪያ ይዞ ድንበር ለመሻገር እንኳን ወረቀት ያስፈልጋል። ጥሩ የቫዮሊን ደጋን የሚሠራበት ፐርናምቡኮ የሚባለው የብራዚል እንጨትም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ቁጥጥር ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ አሮጌ ጊታር ወይም ደጋን ሲነድ ከዓለም ላይ አንድ ጎደለ ማለት ነው፣ ፋብሪካው ያንኑ ደግሞ አያወጣውም።

ክራር፣ ማሲንቆና በገና ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጣጣው የሚጀምረው ኢንሹራንስ ሲደወል ነው። ስልክ ላይ ያለው ሰው ጨዋ ሊሆን ይችላል፣ ጥያቄው ግን አይቀየርም። የሠራው ድርጅት ማነው? ሞዴሉ? ሰሪያል ቁጥሩ? የተገዛበት ደረሰኝ አለ? ጓደኛዬ ለጊታሮቹ ቢያንስ የድርጅቱን ስም ተናገረ። ለክራሩ ምን ይበል? አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ነው የሠሩት፣ ቁጥር የለውም፣ ደረሰኝ የለውም፣ ሽማግሌውም በሕይወት የሉም። በእነሱ ፎርም ላይ ከአንድ የግድግዳ ጌጥ አይለይም፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው የሚገመተው። ሌላም አለ፤ በመሣሪያው ገንዘብ የምትሠሩበት ከሆነ ተራው የቤት ኢንሹራንስ ወይ አይሸፍነውም ወይ ትንሽ የክፍያ ጣሪያ ያስቀምጥለታል። ብዙ ሙዚቀኛ ይህን የሚያውቀው ከተቃጠለ በኋላ ነው። ከዚያም ውሉ «ዛሬ የሚያወጣውን ዋጋ» ይላል ወይስ «አዲስ የሚገዛበትን ዋጋ»? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ መሣሪያውን ራሱን ያህላል።

ስለዚህ መሣሪያ ያላችሁ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጡ። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ አንገቱን፣ ውስጡ የተለጠፈ ወረቀት ካለ እሱን፣ ቁጥር ካለው ቁጥሩን፣ የተላጠበትንና የተሰነጠቀበትን ቦታ ሁሉ ፎቶ አንሡ። በተለይ የተሰነጠቀውን፣ ምክንያቱም የእናንተ መሆኑን የሚመሰክረው እሱ ነው። ማን እንደሠራው፣ መቼ፣ ከምን እንጨትና ከምን ቆዳ እንደሆነ ጻፉ። መጠገኛ ቤት ወስዳችሁ የዋጋ ግምት በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ተጫወቱትና ቅዱት፣ እያንዳንዱን አውታር ለብቻው፣ ቀጥሎ ትዝታውንም ባቲውንም። ይኼ ለኢንሹራንስ አይደለም። ለናንተ ነው።

ይህን ሁሉ ደግሞ እዚያው ቤት ባለ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ አታስቀምጡት፣ አብሮ ይነዳል። አርኖልድ ሾንበርግ ቪየና የተወለደ፣ ናዚዎችን ሸሽቶ አሜሪካ የገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ሎስ አንጀለስ ያረፈ ትልቅ የሙዚቃ ደራሲ ነው። ሥራዎቹን የሚያሳትመው የቤተሰቡ ድርጅት፣ ቤልሞንት፣ መጋዘኑ ፓሲፊክ ፓሊሴድስ ነበር። በዚያ እሳት የሚሸጡትና ለኦርኬስትራዎች የሚከራዩት ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ የኖታ ቅጂዎች በአንዴ አለቁ። በእጁ የጻፋቸው ዋናዎቹ ግን ቪየና በሚገኘው ማዕከል ስለተቀመጡ ተርፈዋል። ሁለት ቦታ ስለነበሩ ብቻ። መሣሪያን ሁለት ቦታ ማስቀመጥ አይቻልም፣ ፎቶውንና ድምፁን ግን ይቻላል።

ቤታቸው ቆሞ ጭሱ ብቻ የገባባቸው ሰዎችም አሉ፣ እነዚህን ማንም አያስታውሳቸውም። «የናንተስ ተርፏል» ይባላሉ። የጭስ ጥቀርሻ አሲድነት አለው፣ አውታር ያዝገዋል፣ ናስ ይበላል፣ የሳክስፎን ቁልፎች ሥር ያለው ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት፣ ወደ እንጨቱ ይገባል። የትንፋሽ መሣሪያ ከሆነ ሳይጸዳ አፋችሁ ላይ አታድርጉት፣ ውስጡ የቀረውን ነው የምትስቡት። ቫዮሊንና ቼሎ ደግሞ የሚጣበቁት ከእንስሳ ቆዳና አጥንት በሚሠራ ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ለጥገና የሚከፈተውም በዚሁ ጠባዩ ነው። እሳቱ አጠገብ ያደረ ቫዮሊን ከውጭ ደህና መስሎ ጠርዙ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። አውታሩን ሳታጠብቁ ለባለሙያ አሳዩት። ወፍራም ሳጥን ውስጥ የነበሩት ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ናቸው የሚጎዱት። መሣሪያ ግድግዳ ላይ መስቀል ያምራል፣ አውቃለሁ፣ የእኔም ተሰቅሎ ነበር። አሁን ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ሳጥኑም በሩ አጠገብ።

ወደ ዋናው ልምጣ። ለተቃጠለበት ሙዚቀኛ ምን እናድርግ?

ገንዘብ ጥሩ ነው። ከሎስ አንጀለሱ እሳት በኋላ ሙዚኬርስ የሚባለው የሙዚቃ ሰዎች መረዳጃ ለተጎዱት ባለሙያዎች 1,500 ዶላር የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ እና ለአስቤዛ የሚሆን 500 ዶላር ይሰጥ ነበር፣ የግራሚ ሽልማት ምሽቱም በዚያው ዓመት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሆኗል። የሚያስመሰግን ነው። ግን አስቡት፣ ልጆቹን ሆቴል ያስተኛ ሰው በእጁ ገንዘብ ሲገባ ክራር አይገዛም። ጫማ ነው የሚገዛው፣ ልክ ነው። መሣሪያው ሁልጊዜ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ወራት ያልፋሉ፣ እጅ ይፈታል፣ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። እስከዚያ የኢንሹራንሱ ወረቀት ይመላለሳል።

ስለዚህ መሣሪያ አውሱት። በዚያው ሳምንት። እስኪሻለው ድረስ ይጫወትበት፣ ሲችል ይመልሳል፣ ባይመልስም ምንም አይደለም በሉት። ስጦታ ሲሆን ሰው ይጨነቃል፣ ውሰት ሲሆን ቀለል ይላል። ከማዋሳችሁ በፊት የሚጫወተውን ጠይቁ፣ ግራኝ መሆን አለመሆኑን ጭምር። ምድር ቤት ተጥሎ የኖረ አንገቱ የተጣመመ ጊታር አምጥታችሁ «ይኸው» አትበሉት፣ ያ እርዳታ አይደለም፣ ቤት ማጽዳት ነው። አዲስ አውታር አድርጉበት፣ ከነሳጥኑ ስጡት፣ ማሲንቆ ከሆነ ደጋኑና ደጋኑ የሚቀባው ሙጫ አብሮ ይሁን። እና እባካችሁ ስታስረክቡት ቪዲዮ አትቅረጹ። ሰውዬው ቤቱ ነው የነደደበት፣ ለናንተ ካሜራ ማልቀስ የለበትም።

ለጓደኛዬ አንዲት እህታችን ክራሯን አመጣችለት። ተቀበላት፣ አመሰገናት፣ ቁጭ ብሎ ቃኘው፣ ትንሽ ደረደረ። ከዚያ ማጉረምረም ጀመረ። ቀንበሩ ወፈረ፣ ሁለተኛው አውታር ይሰንፋል፣ ገበቴው ለእሱ ጭን አይመችም፣ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሠራው። እሷ መከፋት አልተከፋችም፣ ሳቀች። እኔም ደስ አለኝ፣ ከእሳቱ ወዲህ ስለ ምንም ነገር ሲያማርር አልሰማሁትም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሠርግ ላይ ተጫወተበት፣ ተከፈለውም።

ከጋዜጣው የምለምነው ይኼን ነው። ስለ ቃጠሎ ስትዘግቡ መሣሪያ የተቃጠለበትን ሰው «ምን ነበረህ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ማን እንደሠራው፣ ከማን እንዳገኘው፣ ምን ይጫወትበት እንደነበር ጻፉ። የጠፋው በእጅ የተሠራ ከሆነ የናንተ ጽሑፍ ብቻ ሊሆን ይችላል ለዚያ መሣሪያ የሚቀረው መዝገብ። ሁለተኛው ደግሞ የሥራ ማስታወቂያው አጠገብ ያለችውን ጠባብ ቦታ ለዚህ ጉዳይ ብትለቁልን፣ መሣሪያ የሚፈልግ በአንድ በኩል፣ ትርፍ መሣሪያ ያለው በሌላ በኩል እንዲጽፍባት። ስም ማውጣት አያስፈልግም፣ የመሣሪያው ዓይነትና የሚገኝበት ከተማ ይበቃል። የሚመጣውን መሣሪያ ለማየትና ለማስተካከል እኔ አለሁ፣ የአውታሩም ወጪ በእኔ ነው። ፒያኖ ግን አልችልም፣ ለእሱ ሌላ ሰው ፈልጉ። ስልኬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለብቻው ልኬላችኋለሁ፣ ለጠየቃችሁ ሁሉ ስጡት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ሙዚቀኛ አንባቢያችሁ